ዓይኔን ጨፍኜ መቆም ሲያቅተኝ

በአገራችን ሩጫ ሲባል ሰው የሚያስበው ረጅሙን ነው። እኔ የምሮጠው መቶ ሜትር ነው፤ ያውም ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሴቶች በሚወዳደሩበት፣ «ቬተራን» በሚባለው ምድብ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ይህን ለሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። «ሳይጀመር የሚያልቅ ነገር ምን ሩጫ ይባላል?» ይሉኛል የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች። «ቶሎ ቤቴ ለመግባት ነው» እላቸዋለሁ። ልጅ ሳለሁ ለትምህርት ቤቴ ሮጫለሁ። ከዚያ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አሳደግሁ፤ ልጆቼ ከቤት ሲወጡ እንደገና ጀመርኩ። እግሬ መሬቱን ሲገፋ መሬቱም መልሶ ሲገፋኝ የሚሰማኝን ደስታ በሌላ በምንም አላገኘሁትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስታመም መጀመሪያ የጠፋኝ እሱ ስለነበረ ነው።

ሥራዬ የውኃ ቆጣሪ ማንበብ ነው። ቀኑን ሙሉ ከግቢ ግቢ፣ ከዳገት ቁልቁለት ስዞር እውላለሁና እግሬን አውቀዋለሁ። ክረምቱ ወጥቶ ልምምድ ስንጀምር ባዶ እግሬን ሆኜ ካልሲ ያደረግሁ ይመስለኝ ጀመር። በብርድ አሳበብኩ። ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ጣት ቢያደነዝዝ ማንም አይገርመውም። ከዚያ ደግሞ ምላሴ ተላጠ። በርበሬ ቀርቶ ቲማቲም ያቃጥለኝ ጀመር። ድካሙም አለ፤ ሁለት ቤት ቆጣሪ አንብቤ ደረጃ ላይ ቁጭ እላለሁ።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና «አንዱን ጫማሽን ለማን ሰጠሽው?» አለችኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ቀኝ እግሬ ባዶ ነው። ነጠላ ጫማዬ የሆነ ቦታ ጭቃ ውስጥ ወልቆ ቀርቷል፤ እኔ በባዶ እግሬ ድንጋዩን እየረገጥኩ መጥቻለሁ። ሁለታችንም ከልብ ሳቅን። ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን በጥፍሬ ቆነጠጥኩት። የሰው እግር የቆነጠጥኩ ያህል ነበር።

ባለቤቴ ይርጋ አናጢ ነው። ነገር ሲበላሽ ምክንያቱን ሳያገኝ እንቅልፍ አይወስደውም። የእኔን ምክንያት ወዲያው አገኘው። «ሩጫው ነው። በዚህ ዕድሜሽ እንደ ኮረዳ እየፈረጠጥሽ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። ወደ ክሊኒክ የወሰደኝም እሱ ነው። ደሜን አይተው ታይፎይድና ታይፈስ አንድ ላይ አለብሽ ተባልኩ። በእኛ አገር ክሊኒክ ገብቶ ይህን ሳይባል የወጣ ሰው እምብዛም አላውቅም። የተሰጠኝን ክኒን ጨረስኩ፤ እግሬ እንደነበረ ነው። ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ ስኳር እንዳይሆን ብለው አዩኝ፣ የለብሽም አሉ። ሌላ ጋ ደግሞ የወገቤን ራጅ አንስተው «ዲስክ ነው» አሉኝ፤ በወገብ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ነገር ተንሸራቶ ጅማት ይዟል ማለት ነው። ጠንካራ ነገር ላይ ተኚ፣ አትሩጪ፣ ዕቃ አታንሺ ተባልኩ። ይርጋ ከፍራሹ ሥር ጣውላ አነጠፈልኝ። ወገቤን አሞኝ የማላውቀው እኔ በጣውላው የተነሳ ወገብ የሚባል ነገር እንዳለኝ አወቅሁ።

የዚያን ዓመት ውድድር ተውኩት። ለእናኑ ደውዬ ነገርኳት። እናኑ የደምበጫ ሰው ናት፣ ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች፤ መወዳደር ከጀመርን አንስቶ እኔ አንደኛ እሷ ሁለተኛ ነን። «ደስ ሊልሽ ይገባል» አልኳት። «አንቺ ሳትኖሪ ያገኘሁት አንደኝነት ምን ያደርግልኛል?» አለችና ስልኩን ዘጋችው። ተቆጥታ ነበር።

እውነተኛው ጭንቅ የመጣው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። እሑድ ቅዳሴ ላይ በሴቶች መቆሚያ ቆሜ፣ እግዚኦታው ሲጀመር ዓይኔን ጨፈንኩ። መሬቱ ከሥሬ ሄደ። አጠገቤ የነበረችውን ሴት ይዤ ሁለታችንም ልንወድቅ ስንል ሰዎች ደገፉን። ዓይኔን ስገልጥ ምንም የለብኝም፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። በሚቀጥለው እሑድ እንደዚያው ሆነ፤ በዚህኛው ግን ከነጠላዬ ጋር ተዘረርኩ። ሴቶቹ ሲያማትቡ ሰማሁ። አንዷ ዝግ ብላ «ጸሎት ሲጀመር ነው እኮ የሚጥላት» አለች።

ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም። ገበያ ላይ አልወድቅም፣ ሥራ ላይ አልወድቅም፤ የምወድቀው ሰው ሁሉ ወደ እግዚአብሔር በሚጮህበት ሰዓት ነው። መብራት ሲጠፋም ይብስብኛል፤ በግድግዳ እየተደገፍኩ እንኳ ከመኝታ ቤት ሳሎን መድረስ ያቅተኛል። ጨለማ የሚወድና ጸሎት የሚጠላ ነገር ምን እንደሆነ ደግሞ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ዓይን ነው ያሉም ነበሩ፤ በዚህ ዕድሜዋ በቁምጣ ስታዲየም ስትሮጥ አዩዋት፣ በሏት አሉ። ቆጣሪ ላነብ በር ሳንኳኳ በመስኮት አይተውኝ ቁጥሩን እዚያው ሆነው የሚነግሩኝ ቤቶች ተገኙ።

እኔስ? እኔም አመንኩ። ይህን የምጽፈው ሰው ላይ ለመሳቅ አይደለም። በራሴ ሰውነት ላይ ሲደርስ እያየሁ ምን ብዬ እክዳለሁ? ምን አድርጌ ይሆን፣ መቼ ገባብኝ እያልኩ ዕድሜዬን ወደ ኋላ እፈትሽ ነበር። ከበሽታው ይልቅ የጎዳኝ ይህ ነው። ስጸልይ መፍራት ጀመርኩ። የሠርክ ጸሎቴን ዓይኔን አፍጥጬ፣ አልጋውን በሁለት እጄ ይዤ ነበር የማደርሰው። ሩጫውን ማጣት አንድ ነገር ነው፤ ይህ ግን የቆምኩበትን ነበር የሚወስድብኝ።

ይርጋ ጠበል ወሰደኝ። ሥራውን ትቶ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ ጠዋት ጠዋት እጄን ይዞ ቁልቁለቱን ያወርደኝ ነበር። ያን ጊዜ የሰጠኝን ፍቅር በትዳር ዘመናችን አይቼው አላውቅም። ጠበሉ ከገደል ነው የሚወርደው፤ ከሥሩ ስትቆም ውኃው ፊትህን ስለሚመታህ ሳትጨፍን አትችልም። ጨፈንኩ፤ ወደቅሁ። «ማነህ? ተናገር!» አሉ አጥማቂው። ዝም። ሌላ ቀን ደግሞ «ልቀቅ!» አሉ። ዝም። የእኔ ጋኔን ዝምተኛ ነበር። ይርጋ ዳር ቆሞ እያለቀሰ ሲጸልይ ከውኃው ድምፅ በላይ ይሰማኝ ነበር። በመጨረሻ አንዱን ቀን ስወድቅ እጄን አስቀድሜ አረፍኩና አንጓዬ ተሰበረ። እግዚአብሔር በየትኛው በር እንደሚያስገባ አይታወቅም። ሆስፒታል የገባሁት በዚያ እጅ ምክንያት ነው።

የተመላላሽ ሕክምናው አግዳሚ ወንበር ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። አንድ ከአምበር እናቱን ይዞ የመጣ ገበሬ ሲያየኝ ተነሥቶ ቦታውን ሰጠኝ። እጄን በሻሽ ጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ይርጋ ካርድ ሊያወጣ ሲሄድም ወረፋዬን ጠበቀልኝ። እናቱ ምን ሆኜ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ወድቄ ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ ብናገር ጋቢውን መልሰው የሚወስዱት መሰለኝ። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል፤ እንደዚያ ያሉ ሰዎች አልነበሩም።

ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። እጄን በጄሶ አሠርታ ስታበቃ፣ እንደ ቀላል ነገር «እናቴ፣ ግን እንዴት ወደቁ?» አለችኝ።

ይርጋን አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝ። «ጠበል ላይ» አለ በመጨረሻ።

«ጠበል ለምን ሄዱ?»

«ጸሎት ላይ እየጣላት።»

ትሥቃለች ብዬ ነበር፤ አልሣቀችም። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች። «ሲጸልዩ ዓይንዎን ይጨፍናሉ?»

«እጨፍናለሁ።»

«ጠበሉ ሥርስ?»

«ማን ሳይጨፍን ይጠመቃል?»

«ጨለማ ላይስ እንዴት ነዎት? ፊትዎን ሲታጠቡስ?»

ይህን ስትለኝ ደነገጥኩ። ፊቴን ስታጠብ ትከሻዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ነው የምታጠበው። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም፤ አስቤበትም አላውቅም። ሰውነቴ ለእኔ ሳይነግረኝ መላ አበጅቶ ነበር።

ጫማዬን አስወለቀችኝ። ሹካ የሚመስል የሚነዝር ብረት መታ አድርጋ ጆሮዬ አጠገብ ያዘችው፤ ሲዘምር ሰማሁት። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አኖረችው። «ይነዝራል?» አለችኝ። አስቀምጣው እንደሆነ እንኳ ያወቅሁት በዓይኔ አይቼ ነው። ቀጥላ አስነሣችኝ። «እግርዎን ገጥመው ይቁሙ። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ። አይፍሩ፣ አለሁ።»

ጨፈንኩ። ወዲያው ሄድኩ፤ በሁለት እጇ ያዘችኝ።

ይርጋ ሊያማትብ እጁን ግንባሩ ላይ አድርሶ አቆመው። ጠረጴዛውን አየ፣ አልጋውን አየ፣ በሩን አየ። «እዚህ ማን ጸለየ?» አለ።

«ማንም አልጸለየም አባቴ» አለችው። «ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ይኸው ነው።»

ከዚያ አስረዳችን። ሰው ቆሞ የሚውለው ሦስት ነገር እየተባበሩት ነው፤ በዓይኑ ያያል፣ ጆሮው ውስጥ ሚዛን አለ፣ ከእግሩ ደግሞ መሬቱ የት እንዳለ የሚናገር ወሬ በነርቭ ወደ ላይ ይሄዳል። የእኔ የእግሬ ወሬ ተቋርጧል። በእኔ ሥራ ቋንቋ መስመሩ አለ፣ የሚደርሰው ውኃ ግን ጠብታ ነው። እስካሁን ዓይኔ የእግሬንም ሥራ ደርቦ ይሠራ ነበር፤ ስጨፍነው የሚነግረኝ ስለማይኖር እወድቃለሁ። ቅዳሴ ላይም፣ ጠበል ሥርም፣ መብራት ሲጠፋም የነበረው ነገር አንድ ነው። በሽታው ጸሎት አይጠላም። የሚያጋልጠው መጨፈን ነው።

እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ። ሐኪሟ በሽታዬ አስፈርቶኝ መስሏት «ይታከማል» እያለች ታጽናናኝ ነበር። ያለቀስኩት ንጹሕ ስለሆንኩ ነው።

ምግቤን ጠየቀችኝ። እዚህ ላይ ይርጋ አኮረፈ። «ጾም ሰው አያሳምምም፣ ዶክተር» አላት ገና ሳትጨርስ።

«እኔም ጿሚ ነኝ» አለችው ረጋ ብላ። «ጾሙን ብቻ መች አልኩ? በፍስክ ወራትስ ምን ይበላሉ?»

እውነቱን ነገርኳት። በፍስክም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ጨጓራዬን ያስነሣብኛል። ሽሮዬ ትበቃኛለች። ለጨጓራው ደግሞ ኦሜፕራዞል የሚባለውን መድኃኒት፣ አንድ ጊዜ ታዝዞልኝ ስላሻለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ራሴ ከፋርማሲ እየገዛሁ ለዓመታት ወስጃለሁ። ራሷን ነቀነቀች። ነርቭና ደም የሚፈልጉት ቫይታሚን ቢ 12 የሚባል ነገር አለ፤ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ነው። በጾምም በፍስክም ስላላገኘሁት አልገባም፤ የገባችውንም ጥቂት ሰውነቴ እንዳይወስዳት ያ መድኃኒት ያደርጋል። ሰውነት የድሮውን እያብቃቃ ብዙ ዓመት ይቆያል፤ ሲያልቅ እንዲህ ነው። ምላሴ የተላጠው፣ የደከመኝ፣ እግሬ የደነዘዘው ሁሉ የአንድ ነገር ልጆች ነበሩ። ደሜ ተወስዶ ሌላ ከተማ ተላከ። ውጤቱ እስኪመጣ የነበረው ጥበቃ ረጅም ነበር፤ ወጪውም ለእኛ ቀላል አልነበረም። ሲመጣ ግን እንዳለችው ሆነ።

ሕክምናው መርፌ ነው፤ ፈሳሹ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ቀይ። መጀመሪያ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ እየተራራቀ። ይርጋ አሁንም አንድ ነገር ከንክኖት ነበርና ወደ ንስሐ አባታችን ተያይዘን ሄድን። ዐቢይ ጾም ሊገባ ተቃርቧል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርናቸው። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰሙን።

«መርፌው ይበላል እንዴ?» አሉ።

«አይበላም፣ አባ።»

«ታዲያ ምን ልፍቀድልሽ? ተወጊ።» ቆየት ብለው ደግሞ «ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው ጋ ቁሚ። ከደከመሽ ተቀመጪ። ዓይንሽን ገልጠሽ ብትጸልዪም እግዚአብሔር ይሰማሻል» አሉኝ። ይህን የመጨረሻውን ሲሉ ያለቀሰው እኔ ሳልሆን ይርጋ ነው። «እኔ ነኝ የሰበርኳት» አላቸው። «እጇን ይዘህ ያወረድክ አንተ አይደለህ?» አሉት አባ ሊያጽናኑት። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስሜን ሳይጠሩ፣ ሲጨፍን የሚወድቅ ሰው ካለ ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪምም ዘንድ ይሂድ ብለው አስተማሩ። ከዚያ ወዲህ በሬን አንኳኩተው እግራቸውን ያሳዩኝ ሰዎች አሉ። የሁሉም የእኔ አይደለም፤ የአንዱ ስኳር ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ነው የምጽፈው። እግርህ ከደነዘዘና ጨለማ ውስጥ መሬቱ ከጠፋብህ፣ ሁለቱን ነገር ለሐኪም አንድ ላይ ንገር። እኔ ለየክሊኒኩ እግሬን ብቻ ነበር የምነግራቸው፤ መውደቅ ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ አፍሬ ለሐኪም ሳልናገር ቀረሁ። የተደበቀውን ማን ያገኝልሃል?

ማገገም ግን እንደ መቶ ሜትር አይደለም። ምላሴ ቶሎ ዳነ። እግሬ ከመዳኑ በፊት ባሰበት፤ ጉንዳን የወረረው ይመስል ሌሊት ይቆጠቁጠኛል። ሐኪሟ ጋ ደንግጬ ስሄድ «ደስ ይበልዎት፣ እየነቃ ነው» አለችኝ። ሁሉም ላይመለስ እንደሚችልም ሳትደብቅ ነገረችኝ። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት በባዶ እግሬ ስሄድ አንዲት የአተር ፍሬ ረገጥኩ። ቆረቆረችኝ። ጎንበስ ብዬ አነሣኋትና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፤ አሁንም አለች።

ይርጋ ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ ለእኔ ቁመት የሚሆን የእንጨት መደገፊያ ገጠመ። ያንን ይዤ በአንድ እግር መቆም፣ ከዚያ መልቀቅ፣ ከዚያ መጨፈን እለማመድ ነበር። እሱ ከኋላዬ እጁን ዘርግቶ ይቆማል። ሳልወዛወዝ የቆየሁ ቀን «ዝምተኛው ዛሬ የት ሄደ?» ይለኛል። ቀልዱን ለመሳቅ ጊዜ ወስዶብኛል።

እናኑ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ስለ እኔ የተወራው ደምበጫ ድረስ ሄዶ ነበር። ሌላው ሰው ሲርቀኝ እሷ ሚኒባስ ተሳፍራ መጥታ፣ ሳትቀመጥ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ወፍረሻል» አለችኝ። «ተነሺና ተለማመጂ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ ልቅደምሽ እንጂ በበሽታ እንዲሰጠኝ አልፈልግም።» ያን ቀን ስታዲየም ወስዳኝ አብራኝ ዱብ ዱብ አለች። መሬቱ ትንሽ ትንሽ ይመልስልኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ተመዘገብኩ። ሐኪሟ በቀን ብርሃን ከሆነና ከወደዱት ይሩጡ አለችኝ። መነሻው መስመር ላይ አራት ሴቶች ቆምን። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች መጥተዋል፤ ስወድቅ ያዩኝ ሴቶችም ነበሩ፣ ከአጥሩ ሥር ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ይርጋ መጨረሻው ጋ ነው። ሁልጊዜ ከመሮጤ በፊት አማትባለሁ። ላማትብ እጄን አነሣሁ፤ ሳላስበው ዓይኔም ተከደነ። ልገልጠው ነበር፤ ተውኩት። እግሬ ሥር መሬቱን ፈለግሁት። ቀጭን ነገር፣ ከወፍራም ጨርቅ በስተጀርባ እንዳለ ያለ፣ ግን ነበረ። ትንሽ ተወዛወዝኩ፣ ቆምኩ።

«ጨፍነሽ ልትሮጪ ነው እንዴ?» አለችኝ እናኑ ከጎኔ።

«መሬቱ መኖሩን እያረጋገጥኩ ነው» አልኳት።

ፊሽካው ተነፋ። እናኑ ቀደመችኝ፤ በደንብ አድርጋ ቀደመችኝ። እኔ ሦስተኛ ወጣሁ። መስመሩን አልፋ እጇን ወደ ላይ አድርጋ ስትጮህ ከስታዲየሙ ውጪ ሳትሰማ አልቀረችም። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አቀፈችኝ፤ ሁለታችንም ትንፋሽ አልነበረንም።

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ይርጋ መጥቶ ፊት ለፊቴ ተንበረከከና ጫማዬን ያወልቅልኝ ጀመር። አውራ ጣቴ ተልጦ ደም ይዟል። እጁ ቆመ፤ ቀና ብሎ አየኝ።

«ያምሻል?» አለኝ።

«ያመኛል» አልኩት። «እስከ ጥፍሬ ድረስ ያመኛል።»

ጫማዬን እንደያዘ፣ ሐኪም ቤት ጀምሮ ያቋረጠውን ማማተብ አማተበ፤ ከዚያ ሁለታችንም መሳቅ ጀመርን።